የእንቁጣጣሽ ሥዕል ዕድሜው ስንት ነው?

መስከረም አንድ ማለዳ ወንዶች ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሰጡት በእጅ የተሣለ ወረቀት «ከጥንት የወረስነው ባህል» እየተባለ በራዲዮም በቴሌቪዥንም ሲወደስ እሰማለሁ። በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ወረቀቱ ከየት መጣ? ዘመን መለወጫው ጥንታዊ ነው፤ የቅዱስ ዮሐንስ በዓልም እንዲሁ። አደይ አበባማ ከሁላችንም በፊት የነበረች ናት። ወረቀት ግን የትናንት እንግዳ ነው። መንዝ የተወለደችው አያቴ፣ ልጅ ሳለች በቤታቸው አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንዳልነበረች ትነግረን ነበር። መጽሐፍ ማለት ብራና፣ ብራና ማለት ደግሞ የፍየል ቆዳ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ለጽሕፈት እስኪበቃ ያለውን ልፋት የሚያውቅ ሰው፣ ልጄ መልአክ ይሣልበት ብሎ አንድ ቅጠል ቆርጦ አይሰጥም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማርኩት እጅ ሥራ ነው። ከመቀስ፣ ከሙጫና ከካርቶን ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የአንድን ነገር ዕድሜ የምገምተው ከተሠራበት ዕቃ ተነሥቼ ነው። በእኔ ግምት የእንቁጣጣሽ ሥዕል ዕድሜ ከደብተር ዕድሜ አይበልጥም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው ደግሞ በ1914 ዓ.ም.። ወረቀት ከቤተ መንግሥትና ከሚሲዮን ግቢ ወጥቶ በተራ ሰው ልጅ እጅ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ያውም በከተማ፣ ያውም ቀስ በቀስ። ገጠር ያደጉ እኩዮቼን ስጠይቃቸው ችቦውን፣ አበባየሆሹንና እቅፍ ሙሉ አደይ አበባውን ያነሡልኛል፤ ሥዕሉን ግን የሚያነሣልኝ እምብዛም ነው። ሥዕሉ የከተማ ልጅ፣ በተለይም የተማሪ ልጅ ሥራ ነበር።

የትምህርት ቤቱን ዓመት ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ትምህርት ሰኔ ላይ ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ልጅ ቤት ይውላል። ካለፈው ዓመት ደብተር ደግሞ ከወደ ኋላ ያልተጻፈባቸው ገጾች ይተርፋሉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲመጣ ወንዶቹ ጅራፍ እያጮሁ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙልና ሳንቲም ይሰበስባሉ። ሙልሙሉ ይበላል፤ ሳንቲሙ ከለር ይገዛበታል። ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ሦስት ሳምንት ያህል ስላለ ለመሣል ይበቃል። በእንቁጣጣሽ የተገኘው ገንዘብ ለአዲሱ ዓመት ደብተርና እርሳስ ይውላል፤ የዚያ ደብተር ትርፍ ገጽ ደግሞ ለሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። ይህን ሁሉ ሒሳብ የሠሩት ልጆች ናቸው፤ አዋቂ የነገራቸው የለም። በነገራችን ላይ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ለሠዓሊዎቹ አንድ ቀን ይመረቅላቸዋል።

እኛ ያደግነው አራት ኪሎ ነው። ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሠዓሊው እሱ፣ ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ከደብተር ገጽ ሌላ ጠንካራ ወረቀትም አናጣም ነበር፤ ጎረቤታችን ማተሚያ ቤት ይሠሩ ስለነበር ከመቁረጫው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጠቅልለው ያመጡልናል። ወንድሜ አንድ ጥሩ መልአክ ከወጣለት ያንኑ ማባዛት ነው የሚፈልገው። ካርቦን ወረቀት ሲኖር በካርቦን ይገለብጣል። ሲጠፋ ስስ ወረቀት የኑግ ዘይት በነካ ጥጥ አሽቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያደርግና ሥዕሉ ላይ አንጥፎ መስመሩን ይከተላል። ከግልባጭ ላይ ሌላ ግልባጭ ሲወስድ ግን አፍንጫው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየተዛባ ይሄዳል፤ የመጨረሻው መልአክ ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና ያለው አይመስልም።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ቢጫው ከለር ነው። አደይ አበባው ቢጫ፣ ፀሐዩ ቢጫ፣ የቅዱሳኑ አክሊለ ብርሃን ቢጫ። አደይዋን ራሷን ጨምቀን ሞክረን ነበር፤ እርጥቡ ያምራል፣ ሲደርቅ ግን ይደበዝዛል። መላ የተገኘው ከሲጋራ ፓኮ ነው። ውስጡ ያለውን የብር ወረቀት ለብ ባለ ውሃ ነክሬ ነጩን ከጀርባው እላጣለሁ፣ በማንኪያ ጀርባ እያሸሁ እዘረጋዋለሁ፣ ከዚያ በስኒ አፍ ልክ ክብ እቆርጣለሁ። አባቴ ስለማያጨስ ባዶ ፓኮ ከሱቅ ደጃፍ የምለቅመው እኔ ነበርኩ፤ እናቴ ይህን ብታውቅ ኖሮ የቅዱሳኑ አክሊል በዚያው ባበቃ ነበር። ማጣበቂያው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የተማሰለ ነው። በጣም ከወፈረ ወረቀቱን ያጨማትረዋል፤ ከቀጠነም አይዝም። ሥዕሎቹን ማታ ከፍ ያለ ቦታ ካላስቀመጥናቸው ደግሞ አይጥ ይቀምሳቸዋል።

ሠፈር ውስጥ ሠዓሊ ብዙ ስለነበር ሰው የሚያስደንቅ ነገር መጨመር ግድ ነበር። ሁለት ዓይነት እንሠራ ነበር፤ «ባለ ክር» እና «ባለ በር» እንላቸዋለን። ባለ ክሩ የሚንቀሳቀስ መልአክ ነው። ፊቱ ዋናው ወረቀት ላይ ይሣላል፤ ሁለቱ ክንፎች ከጠንካራው ቁርጥራጭ ለየብቻ ይቆረጣሉ። ከአንገቱ ግራና ቀኝ በምላጭ ቀዳዳ ይወጣና የክንፎቹ ሥር በዚያ ገብቶ ከወረቀቱ ጀርባ ይገናኛል። እያንዳንዱ ክንፍ ከፊትም ከኋላም በተቋጠረ ወፍራም ክር ይያዛል፤ ቋጠሮው እንደ ማጠፊያ ስለሚያገለግል ክንፉ ሳይወድቅ ይዞራል። ከሁለቱ ሥር የተነሣ ሌላ ክር አንድ ላይ ተገምዶ ከወረቀቱ ግርጌ ይንጠለጠላል። ክሩን ወደ ታች ሲስቡት ክንፎቹ ይነሣሉ፤ ሲለቁት ይወርዳሉ። ቋጠሮው ከጠበቀ ክንፉ ይገተራል፣ ከላላ ደግሞ ዘንበል ዘንበል ይላል። ልኩን የሚያውቀው የእኔ ጣት ነበር፤ ይህን ወንድሜ እስከ ዛሬ አይክድም።

ባለ በሩ ለመሥራት ይቀላል። ወረቀቱ ከግራና ከቀኝ ታጥፎ ሁለቱ ጠርዞች መሐል ላይ ይገናኛሉ። በሮቹ ላይ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ መዝዘው ይቆማሉ፤ ሲከፈት እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ትታያለች፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋ የሚሄደው ላይ ግን ውጪው አበባ፣ ውስጡ የአበባ ማስቀመጫ ይሆናል። በሩን ራሱ ከፍቶ ማሳየት ለወንድሜ ነውር ነበር። የቤቱ ባለቤት እስኪከፍቱት እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

ይህን የበር ነገር ወንድሜ የፈጠረው አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ያየውን ነው የሠራው። መዝጊያ ያላቸው የእንጨት ሥዕላት በአገራችን ቢያንስ ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ይሠራሉ፤ ከዚያን ዘመን ሠዓሊዎች ፍሬ ጽዮን ይጠቀሳል። መሐል ላይ እመቤታችን፣ ጎኗ ላይ ሁለቱ ሊቃነ መላእክት። በብዙ የብራና መጻሕፍት ደግሞ ሥዕል ባለበት ገጽ ላይ ትንሽ የጨርቅ መጋረጃ ተሰፍቶ ይገኛል፤ አንባቢው ገልጦ አይቶ ይመልሰዋል። በእኛ አገር ቅዱስ ሥዕል እንዲሁ ተሰጥቶ አይቀመጥም። ይሸፈናል፣ ይገለጣል፤ የሚያየው ሰው እጁን ማንሣት አለበት። የዘመኑ ልጆች ካርድ ሲከፍቱ የሚስቡት፣ የሚገልጡትና የሚያዞሩት ነገር ካላገኙ ይሰለቻሉ እየተባለ ሲነገር ብራናዎቹ ትዝ ይሉኛል።

የእጥፋቱንም ነገር ብናይ እንዲሁ ነው። ሰንሱል የሚባለው ትንሽ የብራና ሥዕል እንደ አኮርዲዮን እየታጠፈ ይከመርና ሲሳብ ቅዱሳኑ በተርታ ይወጣሉ። በባልቲሞር ከተማ ያለው ዋልተርስ ሙዚየም በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የተሠራ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለው፤ ረጅም ብራና እንደ ማራገቢያ በጠባብ በጠባቡ ታጥፎ፣ ሲዘረጋ ክብ ሆኖ እመቤታችንንና ቅዱሳኑን ዙሪያውን ያቆማቸዋል። የዚህ ዓይነት ሌላው በዝዋይ ሐይቅ ደሴት በደብረ ጽዮን ማርያም ይገኛል። ልጄ የምትኖረው ለባልቲሞር ቅርብ ስለሆነ አንዴ ወስዳኝ አይቼዋለሁ። ሌላው ሰው ፊታቸውን ሲያይ እኔ ያየሁት እጥፋቱን ነው። እያንዳንዱ ቅዱስ በአንድ እጥፋት ውስጥ ብቻውን ቆሟል፤ መስመሩ ፊት ላይ አያርፍም። ሠዓሊው ከመሣሉ በፊት አጥፎ ለክቷል ማለት ነው። ተማሪዎቼን ስንት ዓመት ሙሉ «መጀመሪያ እጠፉ፣ ኋላ ሣሉ» እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ኖሬያለሁ።

መልአኩም ቢሆን ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የወረደ ነው። ጎንደር ሄዶ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከመቶ በላይ ፊቶች፣ ሁሉም ዓይናቸው የተከፈተ፣ አካል የላቸውም፣ ክንፍ ብቻ። ልጆች ይህን መልአክ የወደዱት ለምን እንደሆነ ብዙ ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን እጅና እግር መሣል ስለሚከብድ ነው ባይ ነኝ። ዙሪያውን የሚሣለው የተጠላለፈ ጠርዝ የመጻሕፍቱ ሐረግ ነው። የስሙም ነገር አለ። ደብተራ ክታብ ሲጽፍ የባለቤቱ ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ገዢው ሲገኝ ስሙ ይሞላል፤ ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፋል። ወንድሜም «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረዎ» ከሚለው በላይ አንድ መስመር ባዶ ይተው ነበር። ማን ቤት እንደሚሄድ የሚወሰነው በመጨረሻው ማታ ነው።

ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ሽልንግ የሚሰጡ ቤቶች ይታወቃሉ፤ ስሙኒ የሚሰጡም ይታወቃሉ። ባለ ክሩና ባለ በሩ ለሽልንግ ቤቶች ይመደባል፤ ለስሙኒው ቤት ዝም ብሎ የተሣለው ይበቃል። ሳንቲም ሳይሰጡ ዳቦ ቆርሰው፣ ጠላ ቀድተው «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው የሚመርቁ አሮጊት ነበሩ፤ ለእሳቸው እናቴ በግድ ጥሩውን ታሰጣለች። ዋጋ መጥራት አይቻልም፤ የተሰጠውን ቆሞ ማየትም አይቻልም፤ ሳንቲሙ ኪስ ገብቶ መንገድ ላይ ነው የሚታየው። ሥዕሉ ግድግዳ ላይ በሚስማር ወይም በመስተዋት ጠርዝ ላይ ይሰካል፤ ጎረቤት ሲመጣ «የማን ልጅ ነው?» ይባላል። ለሠዓሊው ሁለተኛው ክፍያ ይህ ነበር።

እኔ የተቋጠረውን ክንፍ ሁሉ አስረክቤ ከሴቶቹ ጋር አበባየሆሽ እሄዳለሁ። ሴት ልጅ ሥዕል ይዛ አትዞርም ተብሎ ነበርና። ዘፈኑን እወደዋለሁ፤ ከበሮም እመታ ነበር። ግን የሥዕሉ ገንዘብ ላይ ድርሻዬ ምን ያህል እንደሆነ ወንድሜን ስጠይቀው የሚሰጠኝ መልስ እስከ ዛሬ አላረካኝም፤ ጽሑፉን ሲያነብ ይመልስልኝ።

ከብራናው ሌላ ለሥዕሎቻችን አንድ ምንጭ ደግሞ ነበረን። አባቴ የውጭ ሰዎች በሚበዙበት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ስለነበር ገና ካለፈ በኋላ የተጣሉ የመልካም ምኞት ካርዶች ያመጣልን ነበር። በዓለም የመጀመሪያው ለሽያጭ የታተመ የገና ካርድ የወጣው ለንደን ውስጥ በ1843 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ለሁሉም ወዳጆቹ ደብዳቤ መጻፍ ስላልቻለ ሠዓሊ አሠርቶ አሳተመው። እኛ ቤት የደረሱት የዚያ ካርድ የልጅ ልጆች ነበሩ። በረዶ የተጫነው ዛፍ፣ ደረቱ ቀይ የሆነ ወፍ፣ ጣሪያው ነጭ የሆነ ቤት። በረዶ ምን እንደሆነ ስላላወቅን ዛፉ ላይ ያለው ጥጥ ነው ብለን ደመደምን፤ በአንድ ዓመት እንቁጣጣሽ ሥዕሎቻችን ላይ የጽዱ ቅርንጫፍ እውነተኛ ጥጥ ተለጥፎበት ወጣ። ሰው በጣም ወደደው። የጥጥ ዛፍ መስሏቸው ይሁን አይሁን አልጠየቅንም።

ከካርዶቹ መካከል የዩኒሴፍ ነበሩበት። የዩኒሴፍ ካርድ ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት ልጅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እርዳታ ከደረሳቸው የቼኮስሎቫኪያ መንደሮች በአንዱ ትኖር የነበረች የ7 ዓመት ልጅ ለምስጋና ሥዕል ሣለች፤ ወረቀት ስላልነበረ የሣለችው መስተዋት ላይ ነው። ድርጅቱ በ1949 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ካርዱን ያሳተመው ከዚያ ሥዕል ነው። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ባውቀው ወንድሜን በወረቀት እጥረት እንዳያማርር አደርገው ነበር።

የ1967 እንቁጣጣሽ ለብቻው መነሣት አለበት። ያ መስከረም ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ የተሻገርንበት ነው። ክረምቱን ሙሉ አዋቂዎቹ በራዲዮ ዙሪያ ሲንሾካሾኩ እኛ ስንሥል ከረምን። ወንድሜ በዚያ ዓመት ዘውድ የደፋ አንበሳ በባንዲራ ላይ ይዞ ዞረ፤ ክሩ ሲሳብ ባንዲራው ይወዛወዛል። መስከረም 1 ማለዳ ሁሉንም አከፋፍሎ ጨረሰ። ያን ዕለት ማታ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ ያሳየውን የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አቀረበ፤ በማግስቱ ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። አንበሳው በጎረቤቶቻችን ግድግዳ ላይ እንደተሰካ ነበር። አንዳንዶቹ ቆይተው አወረዱት፤ አንድ ሽማግሌ ግን ዘውዱን ብቻ በቢጫ አበባ ቀብተው ተዉት። የ1968 ሥዕል ላይ አንበሳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ ጎረቤት አገኘ፤ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነ። ቀበሌው ቀይ ጨርቅና ቀይ ቀለም ስለሚፈልግ ቀይ ከለር ከሱቅ ይጠፋል፤ የልጆቹ ሥዕል ላይ ኮከብ መውጣት ጀመረ፤ መላእክቱም አልቀሩም፣ ቤት ሲገቡ ይታያሉ። በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጎሕ ሳይቀድ በር ማንኳኳት ሌላ ነገር ነበር። ወንድሜ ያን ዓመት አልሣለም። ዕድሜውም አልፎ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ዕድሜው አልነበረም። በሠፈሩ ያሉ ትንንሾች ግን ከረፈደ በኋላ፣ ስማቸውን ከውጭ እየጮሁ ይመጡ ነበር፦ «እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዤ ነው!»

ሥዕሉን ያዳከመው ፖለቲካ አልነበረም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፎቶ ኮፒ በየመንገዱ ተከፈተ፤ አንዱ ልጅ የሣለውን ሠፈሩ ሁሉ አባዝቶ ቀለም ብቻ መቀባት ጀመረ። መገልበጥን እኔ አልነቅፍም፤ እኛም በዘይት ወረቀት ገልብጠናል። የፎቶ ኮፒው መላእክት ግን አፍንጫቸው አይዛባም። አንድ ቤት አምስት ልጅ አንድ ዓይነት ሥዕል ይዞ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት ሥዕሉን ማየት ትተው ሳንቲም ብቻ መስጠት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ምን ብሎ ይድከም? በ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየሙ እንቁጣጣሽ የታተመ ካርድ አጥለቀለቀን። ቀጥሎ ሲከፈት የሚዘፍነው መጣ፤ ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይጎትታል። አሁን ምስሉ በቴሌግራም ይላካል፤ አንዱን አደይ አበባ ከአሥራ አምስት ሰው እቀበላለሁ። አልከፋም። ግን ቤቴ የመጣ ሰው የለም።

የልደት ካርድ ነገር ከዚህ ይለያል። በእኔ ልጅነት የተራ ሰው ልጅ ልደት አይከበርም ነበር፤ በቀኑ የሚታወቅ ልደት ሐምሌ 16 የጃንሆይ ነበር። ሕፃን ሲወለድ ድግሱ የክርስትናው ነው፤ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን። እናቴ የእኔን የልደት ቀን የምታስታውሰው «የማርያም ማግስት፣ ዝናቡ ያባራ ዕለት» ብላ ነው፤ መታወቂያዬ ላይ ያለው ቀን የትምህርት ቤት ጸሐፊ የሰጠኝ ነው። ኬክ፣ ሻማና ፊኛ የመጣው በልጆቼ ጊዜ፣ የበረታው በልጅ ልጆቼ ጊዜ ነው። እንዲያም ሆኖ ልጄ ዘንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት የልጅ ልጆቼ ልደት ሲደርስ ከየት መጀመር እንዳለብኝ አላጣሁትም፤ ባለ በርና ባለ ክር አውቃለሁ።

በየዓመቱ የበሩን ቁጥር ከዕድሜያቸው ጋር አስተካክላለሁ። ሰባት ዓመት የሞላት ሰባት በር ታገኛለች። ወረቀቱን እንደ ሰንሱል አጥፌ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ አንድ መዝጊያ እቆርጣለሁ፤ ከየመዝጊያው ኋላ ክር ሲሳብ የሚንቀሳቀስ እንስሳ አለ፤ ጭራውን የሚቆላ ውሻ፣ አንገቱን የሚያስረዝም ቀጭኔ፣ የመጨረሻው በር ሁልጊዜ መልአክ። ፖስታ ቤት አልሰጠውም፤ ይታጠፋል። በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ በሰው እጅ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር በሻንጣ ግርጌ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የልጅ ልጆቼ ካርድ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ አንደኛዋ የልደት ሽታ ይህ ይመስላታል። የመጀመሪያውን ዓመት ክሩ በአንድ ቀን ተበጠሰ፤ የዛሬ ልጅ ኃይለኛ ነው። ልጄ መላ አመጣች፤ እዚያ በየፋርማሲው የሚሸጠው ሰም የተቀባ የጥርስ ማጽጃ ክር ከስፌት ክር ይጠነክራል፣ በቀዳዳውም በደንብ ይንሸራተታል። አሁን ጥቅሉ ከዚያ ይመጣልኛል፤ ካርዱ ከዚህ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ትልቋ ራሷ ሠርታ ለመስከረም አንድ ሰጠችኝ፤ ሴት ልጅ ሥዕል ይዛ አትዞርም ያላት ሰው የለም። ሽልንግ ስለሌለኝ አምስት ዶላር ከፈልኳት።

አሁን አንባቢን ሁለት ነገር ልለምን። ቤታችሁ ባለ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በእናታችሁ ሳጥን፣ በመስተዋት ጀርባ የቀረ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ካለ እንዳትጥሉት። በላስቲክም አታስለብጡት፤ ሙቀቱ የከለሩን ሰም ያቀልጠዋል። ጀርባው ላይ በእርሳስ ዓመቱን፣ ሠፈሩንና የሣለውን ልጅ ስም ጻፉበት፤ ዓመቱ ቢጠፋባችሁ «ከዘመነ እገሌ ወደ ዘመነ እገሌ» የሚለው ጽሑፍ ከአራት ዓመት አንዱን ይነግራችኋል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ስለ ልጅነት የሚያሳይ ክፍል አለው፤ ሥዕሎቹ ከተሰበሰቡ የሚሰቀሉበት ግድግዳ አይታጣም።

ሁለተኛው ለወላጆች ነው። ሰኔ ላይ የልጆቻችሁን አሮጌ ደብተር ስትጥሉ የተረፉትን ነጭ ገጾች ገንጥላችሁ አስቀምጡላቸው፤ ወንድም ይሁን ሴት አትለዩ። መቀስና ክር ስጧቸው፤ ምላጩን እናንተ ያዙ። ሥዕሉን ይዘው በር ሲያንኳኩም ስልካችሁን አስቀምጡና ክፈቱ፤ ክሩን ሳቡት፣ ክፈሏቸውም። ቡሄ ካለፈ የሚቀራቸው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።